የጋሽ መንበሩ ኮርኒስ እና ሦስቱ ደም መላሾች

በአንድ ወቅት፣ ኧረ ሩቅም አይደለም፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሆቴል እንደ አሸን በፈላበት ወቅት፣ ጋሽ መንበሩ የሚባሉ የኮርኒስ ባለሙያ ነበሩ። ኮርኒስ ስላችሁ ችፑድ መቸንከር እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው በወጣትነታቸው አዲስ አበባን ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ በጭቃ ቤቶች ውስጥ አቡጀዲ ሲወጥሩ የኖሩ ናቸው። አቡጀዲውን በዱቄት ሙጫ ይነክሩታል፣ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጥሩታል፣ ሲደርቅ በጣት ቢመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ዘመን ሲለወጥ አንድ ቀን ከተወጠረ ነጭ ጨርቅ ጀርባ አምፖል በርቶ አዩና «ይኸማ ጨረቃ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚለጠጥ ጨርቅ በእንጨት ክፈፍ ላይ እየወጠሩ፣ ከጀርባው መብራት እየደበቁ፣ ለሆቴል አዳራሽና ለእንግዳ መቀበያ ሰማይ መሥራት ያዙ።

ጋሽ መንበሩና ባለቤታቸው እትዬ ትርንጎ ልጅ አልወለዱም። ልጅ የሆኗቸው ሦስት ሠራተኞች ናቸው። ክፈፉን የሚሠራው ዳምጠው እንጨትን በዓይኑ የሚለካ፣ ግን ከንዴቱ በፊት አስቦ የማያውቅ ቁጡ ሰው ነው። ጨርቁን የምትሰፋው ዙፋን ዝምተኛ ናት፤ የምታስበውን መርፌዋ እንጂ ሌላ አያውቅም። መብራቱን የሚዘረጋው ሸምሱ ደግሞ አፉ የሚጣፍጥ፣ ምንም ነገር የማያስቸኩለው ሰው ነው። ሦስቱም ከአሥር ዓመት በላይ የእትዬ ትርንጎን ምሳ በልተዋል፤ እርሳቸውም ማን ጨው እንደሚበዛበት፣ ማን ሽሮ እንደማይወድ ያውቁ ነበር።

ጋሽ መንበሩ በሥራቸው አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበራቸው። ጨርቁ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጥግ ጥጉን ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተዋሉ። «አፍንጫ» ይሏታል። አዳራሽ ውስጥ ሰው ይተነፍሳል፣ ወጥ ይጨሳል፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ይጠራቀማል። አፍንጫ ካለው አየሩ እየተዘዋወረ ያደርቀዋል። ከሌለው ቆርቆሮው ያልበውና ላቡ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። ዙፋን በሰፋች ቁጥር «አፍንጫዋን አልረሳሽም?» ብለው ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር።

ታዲያ አንድ ባለሀብት ከሐይቁ አፋፍ ላይ ትልቅ ሆቴል ሠራ። የሠርግ አዳራሹን የውስጥ ሥራ የያዘው ኢንጂነር ልዑልሰገድ የሚባል፣ ሽቶው ከእርሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ኮርኒሱን ግን የነደፉት ጋሽ መንበሩ ናቸው። ነፋስ ሲነካው ሐይቁ ላይ የሚነሳውን ሞገድ በጨርቅ አመጡት፤ ከበሩ ቀጭን ሆኖ ይነሳና ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ጋ ሲደርስ ይሰፋል፣ መብራቱ ሲለኮስ ሊነጋ ሲል ያለውን ሰማይ ይመስላል። ሰባት ወር ፈጀባቸው። ልዑልሰገድ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ በየቴሌቪዥኑ እየቀረበ፣ ሐሳቡ የመጣለት ጀልባ ላይ ሳለ እንደሆነ ያወራ ጀመር። ጋሽ መንበሩ ሲነገራቸው ሳቁ፤ ሰማዩ እስካማረ ድረስ የማንም ይባል አሉ። እትዬ ትርንጎ አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬውን በጎሪጥ ያዩት ነበር።

አዳራሹ የሚመረቀው በባለሀብቱ ልጅ ሠርግ ነው፣ በሚያዝያ፣ ከፋሲካ ወዲያ። በዋዜማው ካሜራ ይዘው የመጡ ሰዎች ጥጉ ላይ ያለችውን ክፍተት አይተው «የተቀደደ ይመስላል» ሲሉት፣ ልዑልሰገድ ለጋሽ መንበሩ ሳይነግር በራሱ ሰዎች አሰፍቶ አፍንጫዋን ደፈናት። በማግስቱ ስድስት መቶ ሰው ታደመ። ቡፌው እንፋሎቱን ይለቃል። ከውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ቆርቆሮውን አቀዘቀዘው። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲነሱ ያ ሁሉ ሞገድ መሃሉ ላይ ረገበ፣ ግቷ እንደ ሞላ ላም ተንጠለጠለ፣ ያጠራቀመውን ቀዝቃዛ ውሃም ሙሽሪት ራስ ላይ ለቀቀው።

ልዑልሰገድ ማይኩን ቀማ። ሲመሰገን የእርሱ የነበረው ኮርኒስ፣ ሲበላሽ ባለቤት ተገኘለት።

«ይህን የሠሩት እኚያ ሽማግሌ ናቸው» አለ፣ በጣቱ እያመለከተ። «የጭቃ ቤት አቡጀዲ ለምደው መጡ። ምን ላድርጋቸው?»

ስድስት መቶ ሰው ዞሮ አያቸው። የሳቀም አለ። ጋሽ መንበሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። እትዬ ትርንጎ አጠገባቸው ነበሩ፤ የሳቀውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አዩ። ጨርቁ ያኔውኑ ተነቅሎ ወደ ልዑልሰገድ መጋዘን ተጫነ፣ ጋሽ መንበሩም አፍንጫዋን ቀርበው እንዳያዩ ተከለከሉ። ከተማው «ጋሽ ወረደ» የሚል ስም አወጣላቸው። ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ። በአምስተኛው ወር አልጋ ያዙ፤ ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እትዬ ትርንጎ ልብ መሆኑን ከሐኪሙ በፊት ያውቁ ነበር።

ሊሞቱ ሲሉ የንስሐ አባታቸው ተጠሩ። ቄሱ ይቅር በል ብለው ለመኗቸው።

«አባ፣ በእግዚአብሔር ፊት ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ ጋሽ መንበሩ። «በዚያ አዳራሽ ሰው ፊት ግን አላልኩም።»

ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ትርንጎ፣ ወርክሾፑ ለሦስት አይቆረጥም። አንድ አለቃ ይኑረው። ደሜን ለመለሰልኝ ስጪው፤ ሁለቱን መርቀሽ አሰናብቺ።»

ቄሱ ይህ ኑዛዜ አይባልም ብለው እያጉረመረሙ ወጡ። ጋሽ መንበሩ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ከአርባው በኋላ እትዬ ትርንጎ ሦስቱንም ሰብስበው የሟችን ቃል ነገሯቸው። እስከ ሙት ዓመቱ ጊዜ አላችሁ አሏቸው። ወርክሾፑ ማለት ቤቱና መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የጋሽ መንበሩ ንድፎች በሙሉ፣ ያልተሠሩትም ጭምር፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ቁልፉን ያገኘ የጋሽ መንበሩ ልጅ ይባላል። ያላገኘ ሌላ ቦታ እንጀራውን ይፈልጋል።

እውነቱን እንነጋገር፣ እትዬ ትርንጎ ፍትሕ አልነበረም የፈለጉት። ልዑልሰገድን ተዋርዶ ማየት ነው የፈለጉት። ሽንኩርት ሲከትፉ እሱን ያስባሉ፣ ልብስ ሲያሰጡ እሱን ያስባሉ። ዳዊት ሲደግሙ ስለ ጠላት የሚናገረው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ስለሚል ጎረቤት ሁሉ ይሰማቸው ነበር። ሰው «ይተዉት፣ ለፈጣሪ ይስጡት» ሲላቸው «ሰጥቼዋለሁ፤ ትንሽ ዘገየብኝ እንጂ» ይላሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬ መጣ። ዙፋን ልዑልሰገድ ዘንድ ተቀጥራለች! እትዬ ትርንጎ መጀመሪያ አላመኑም። ሄደው በመስኮት አዩዋት፤ እውነትም ተቀምጣ ትሰፋለች፣ ሰውዬው ቀልድ ሲነግራት ፈገግ ትላለች። ደጁ ላይ ምራቃቸውን ተፍተው ተመለሱ። ዳምጠው የስፌት መኪናዋን እሰብራለሁ ብሎ ሲነሳ የያዘው ሸምሱ ነው። ሸምሱ ሁልጊዜም «ቆይ» ማለት ያውቅበታል።

እንግዲህ ስሙ። መጀመሪያ የሠራው ዳምጠው ነው። ልዑልሰገድ አዳማ ላይ የአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ይዞ ነበር፤ ከመድረኩ በላይ ክብ ሆኖ የሚበራ የጨርቅ ኮርኒስ። ዳምጠው ጢሙን ተላጭቶ ከክፈፍ ሠራተኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ልዑልሰገድ እንደሆነ የሠራተኛ ፊት አይቶ አያውቅም። ዳምጠው ክፈፉን ሲሠራ የጨርቁን ውጥረት ሁሉ በአንዲት ሽብልቅ ላይ አሰረው፤ ከሽብልቋ ላይ ደግሞ ቀጭን ሲባጎ አወረደ።

የምረቃው ቀን ልዑልሰገድ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ፣ ቀና ብሎ ኮርኒሱን እያሳየ ሲናገር፣ ዳምጠው ሲባጎዋን ሳበ። ክፈፉ ንቅንቅ አላለም፤ ጨርቁ ብቻ እንዳለ ወርዶ ሰውዬውን ከነንግግሩ ከደነው። ቅርጫት እንደተደፋባት ዶሮ ከሥሩ ይርመሰመስ ጀመር፤ ወዲህ ሲል ይጠላለፋል፣ ወዲያ ሲል ይወድቃል፣ ማይኩ ሳይጠፋ ስለቀረ «ኧረ አውጡኝ» ሲል አዳራሹ ሙሉ ይሰማል። ካሜራው ይቀርጻል፣ ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል። ዳምጠው አልሸሸም። ወደ ፊት ወጣና «ይሄ የጋሽ መንበሩ ነው» ብሎ እጁን ለፖሊስ ሰጠ። ስድስት ወር ተፈረደበት።

እትዬ ትርንጎ ቪዲዮውን በጎረቤት ስልክ አዩት። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቁት፤ ጎናቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪፈስ። ሰባት ጊዜ አስደገሙት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ አሉ። «ጋሽ ወረደ» የሚለው ስምም ከመቃብሩ ላይ ተነስቶ ልዑልሰገድ ላይ ተለጠፈ፤ የታክሲ ረዳት ሳይቀር ይጠራው ጀመር። ግን ያን ቀን አንድ አስተናጋጅ ትሪ እንደያዘ ደንግጦ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። የሆቴሉ ባለቤትም ምንም ያላደረገች ሴት ናት፤ ዓመት ሙሉ የደከመችበት ምረቃ መሳቂያ ሆኖ ቀረ። ደግሞስ ጋሽ መንበሩ በዕድሜያቸው ሙሉ ኮርኒስ እንዳይወድቅ የለፉ ሰው፣ በስማቸው ኮርኒስ ሲጣል ምን ይሉ ነበር? እትዬ ትርንጎ ይህንን አሰቡ። አስተናጋጁንም ብርቱካን ይዘው ሄደው ጠየቁት። ሲመለሱ ግን ቪዲዮውን ደግመው አዩት።

ቀጥሎ የዙፋን ነገር ወጣ። ለካ ልጅቷ እዚያ ተቀምጣ የምትሰፋው ጨርቅ ብቻ አልነበረም። የትኛው ሆቴል ሥራ እንደሚያዝ፣ የትኛው ሥራ አስኪያጅ በምን እንደተማረረ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ሁሉንም በልቧ ይዛለች። ከአዳማው ጉድ በኋላ የልዑልሰገድን ስም የሰማ ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ለምዶ ነበር። ዙፋን ያኔ ተነሳች። ሥራ አስኪያጆቹን አንድ በአንድ ሄዳ አነጋገረች። የምትላቸው አጭር ነው፤ ጨርቁን የምሰፋው እኔ ነኝ፣ የሚያወራው እሱ ነው፣ የቱን ትፈልጋላችሁ? በአራት ወር ውስጥ ለልዑልሰገድ አንድ ደንበኛ አልቀረለትም። ስትወጣም ከመጋዘኑ አንድ አሮጌ ጥቅል ጨርቅ ተሸክማ ወጣች፤ ቡትቶ መስሏቸው ማንም አልጠየቃት። ያ የሐይቁ አዳራሽ ኮርኒስ ነበር። አፍንጫው በጥቁር ናይለን ክር፣ የእርሷ ባልሆነ እጅ፣ ጥርቅም ተደርጎ ተሰፍቷል።

ልዑልሰገድ ቢሮውን ዘጋ፣ መኪናውን ሸጠ። ከኮርኒስ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ቢሾፍቱም አዳማም የሚሠራው ኮርኒስ ሁሉ የዙፋን ሆኗል። በመጨረሻ ደጇ መጣ። ምን ትችላለህ አላለችውም።

«መሰላል መያዝ ትችላለህ?» አለችው።

ያዘ። ድሮ በኮት ይገባባቸው በነበሩት ሆቴሎች ሁሉ፣ ድሮ ተነስተው በሚቀበሉት ሥራ አስኪያጆች ፊት፣ መሰላል ይዞ ይቆማል። ዙፋን ከላይ ሆና ስትሰፋ «ያዘው፣ እንዳይነቃነቅ» ትለዋለች፤ ከዚያ ሌላ አታናግረውም። እትዬ ትርንጎ ሰምተው ሊያዩ ሄዱ። ከሎቢው ወዲያ ማዶ ተቀምጠው ሻይ አዘዙና አንድ ሰዓት ሙሉ ሲይዝ አዩት። አንዴ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ አንገቱን የደፋው እሱ ነው። ከባላቸው ሞት ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጥተው የነበሩት ሴትዮ ያን ቀን እቤታቸው ገብተው እስኪነጋ ተኙ።

ግን የዙፋንም ነገር እሾህ አለው። የሰውዬውን ደመወዝ በልታ፣ ፊቱ ላይ ፈገግ ብላ ነው ያረደችው። እሱ ዘንድ የሚሠሩ አምስት ልብስ ሰፊዎች፣ ከነገሩ የሌሉበት፣ አብረው ሜዳ ላይ ወድቀዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሆቴሎቹ አሁን «የዙፋን ሰማይ» እያሉ ነው የሚጠሩት። በሠራችው ሁሉ ላይ የጋሽ መንበሩ ስም አንድም ቦታ የለም። እትዬ ትርንጎ ይህን ሲያነሱባት «የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ፋታ አጣሁ» አለቻቸው። ፋታ አጣሁ!

ሸምሱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን ይሠራል? የሰፈር ሶኬት ይጠግናል። ዳምጠው ከእስር ቤት ሸምሱ ምን አደረገ እያለ ይልክ ነበር፤ እትዬ ትርንጎም ከእሱ ተስፋቸውን ቆርጠው ነበር። እሱ ግን በየወሩ አንድ ቤት ይሄዳል፣ ያቺ ውሃ የፈሰሰባት ሙሽራ ቤት። የሠርጓ ቀን ስለተበላሸባት ማንንም ማናገር የማትፈልግ ሴት ናት። መጀመሪያ በሩን ዘጋችበት። ሁለተኛ ጊዜ ቆማ ሰማችው። ሦስተኛ ጊዜ ስለ አፍንጫዋ አስረዳት፣ እንፋሎቱ እንዴት እንደሚወጣ በድስት ክዳን አሳያት። ከዚያ ወዲያ ኮርኒሱ እዚያው ተመልሶ እንዲወጠር አባቷን፣ የሆቴሉን ባለቤት፣ ያሳመነችው ራሷ ናት። ያ አዳራሽ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ጣሪያው ራቁቱን ነበር።

ሸምሱ ዙፋንን ጨርቁን ለመናት። ጥቁሩን ክር ራሷ ተረተረችና ሰጠችው። ዳምጠው የሠራው ክፈፍ እንደነበረ ጣሪያው ላይ አለ። መብራቱን ሸምሱ እንደ አዲስ ዘረጋው። ሙሽሪት በክረምቱ ልጇን ክርስትና ስታነሳ፣ ለሠርጓ የተጠሩትን ሁሉ መልሳ ጠራች። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሸምሱ አስተናጋጆቹን የድስቱን ክዳን ሁሉ ክፈቱ ብሎ አዘዘ። አዳራሹ በእንፋሎት ተሞላ። ሰው ኬኩ ሲመጣ ፈርቶ ቀና አለ። ሞገዱ ግን ከበር እስከ መድረክ እንደተወጠረ ነው፤ መብራቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ስድስት መቶ ሰው ኬኩን ትቶ ቀና እንዳለ ቀረ። እትዬ ትርንጎ ባላቸው ያዩት ንጋት ይህ እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው፤ አለቀሱ።

ያኔ ሸምሱ ማይኩን ለልዑልሰገድ ሰጠው። ከቀናት በፊት ከመሰላሉ ሥር ጠርቶ አናግሮት ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገር፣ ከዚያ ወዲያ ውርደትህ ያበቃል፣ ወርክሾፑ ለእኔ ከደረሰም በሙያህ ከእኔ ጋር ትሠራለህ ብሎት ነበር። ልዑልሰገድ ወደ ሰው ዞሮ ተናገረ።

«ይህን ሰማይ የነደፉት ጋሽ መንበሩ ናቸው። አፍንጫውን ደፍኜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስማቸውን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተነሳ። እልልታው ከዝናቡ በለጠ። የጋሽ መንበሩ ስም በዚያው በወደቀበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት ተነሳ። እዚህ ላይ ቢቆም እኮ ጥሩ ነበር። ሸምሱ ግን ልዑልሰገድን አቀፈውና «በጋሽ መንበሩ ስም ይቅር ብለንሃል» አለ፣ በማይክ።

የእትዬ ትርንጎ እንባ ቀጥ አለ። ማን ፈቀደልህ አሉ በሆዳቸው። ሰውዬው ሲሞቱ እንኳ በዚህ አዳራሽ ሰው ፊት ያልሰጡትን ይቅርታ፣ ይህ ልጅ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሰው ደግሞ ለልዑልሰገድ አጨበጨበለት! ጀግና ነው፣ ጥፋቱን ማመን ቀላል አይደለም እያለ ያደንቀዋል። በሳምንቱ ከአንድ ሆቴል ሥራ ተደወለለት አሉ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ቅዳሴው አለቀ፣ ሰው ምሳ ቀረበለት። እትዬ ትርንጎ ሦስቱን ወደ ወርክሾፑ አስገብተው በሩን ዘጉ። ዳምጠው ከእስር ከወጣ ወር ሆኖታል፤ ከስቷል።

«ዋጋ የከፈልኩ እኔ ብቻ ነኝ» አለ። «እነሱ ምን አጡ?»

«አንተ ለአንድ ቀን አሳቅህበት» አለች ዙፋን። «እኔ እንጀራውን ዘጋሁበት። ደም መመለስ እሱ ነው።»

ሸምሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «አዳማ ላይ ጋሽ መንበሩ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዙፋን ሆቴሎችም የለም። የጠፋው የእሳቸው ስም ነው፣ የመለስኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተጧጧፈ። ዳምጠው ሸምሱን ቂሙን ሸጥከው አለው፤ ልዑልሰገድ እግሩን ባስገባበት ወርክሾፕ እኔ አልቆምም አለ። ሸምሱ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አላጥፈውም አለ። ዙፋን ጨርቁ ከእኔ ባይመጣ ምን ትወጥር ነበር አለችው፤ ዳምጠው ደግሞ እኔ ባልጥለው ኖሮ የትኛው ደንበኛ ይመጣልሽ ነበር ብሎ ዞረባት። ሸምሱም ዳምጠው የሠራው ክፈፍ ባይኖር መብራቴን ምን ላይ እሰቅለው ነበር ብሎ አመነ፤ እሱ ማመን አይከብደውም። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ይህ ነው የእትዬ ትርንጎን ራስ ያዞረው።

እርሳቸው ቁልፉን በእጃቸው ጨብጠዋል። አንዱ አስቋቸዋል፣ አንዷ እንቅልፍ ሰጥታቸዋለች፣ አንዱ አስለቅሷቸዋል። ለአንዱ ሲሰጡ ሁለቱን ከልጅነት ያወጣሉ። አካፍሉ እንዳትሉኝ፤ የሟች ቃል አንድ አለቃ ነው የሚለው። ለቤተ ክርስቲያን ይስጡት እንዳትሉኝ፤ ቄሱ ራሳቸው የዚህ ቂም ገንዘብ አይግባብኝ ብለዋል። በመስኮቱ ድንኳኑ ይታያል። ከድንኳኑ መጨረሻ ልዑልሰገድ ተቀምጦ የጋሽ መንበሩን የሙት ዓመት ምሳ ይበላል። ሸምሱ ነው የጠራው። ሰው አጠገቡ ሆኖ ያጫውተዋል፣ ወጥ ይጨምርለታል፣ እሱም ሳህኑን እያቀረበ ይቀበላል።

እትዬ ትርንጎ አዩት። ከዚያ ወደ ሦስቱ ዞሩና ቁልፉን የጨበጠውን እጃቸውን ዘረጉ።

እናንተ እዚያ ብትሆኑ ኖሮ ክንዳቸውን ይዛችሁ ወደ ማን ትገፉት ነበር? ሰውዬውን በራሱ ኮርኒስ ከድኖ አዋርዶ ለታሰረው ለዳምጠው? እንጀራውን ነጥቃ መሰላል ላስያዘችው ለዙፋን? ወይስ የሟችን ስም አንስቶ፣ የሟችን ይቅርታ ሳያስፈቅድ ለሰጠው ለሸምሱ? የጋሽ መንበሩን ደም የመለሰው ማን ነው?